ማሽኑን አልጋ ሥር ያስገባው ምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን በአንድ ላይ ሰብስበናል። ሁሉም በዕድሜ ስለገፉ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። የሚጠይቁትም በእንቅልፍ ላይ ስለሚያጋጥም የትንፋሽ መቋረጥ፣ ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ስለሚሉት ሕመም፣ እንዲሁም ሲፓፕ ስለሚባለው የአየር ማሽን ነው።

ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላል። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ምላሱና ለስላሳው ላንቃው ወደ ኋላ ይወድቁና የአየሩን መንገድ ይዘጉታል። ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ይላል፤ አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ካለፈ በኋላ ሰውየው ትን እንዳለው ሁሉ ቃትቶ ይተነፍሳል። ይህ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ሲፓፕ የክፍሉን አየር በማስክ በኩል ያለማቋረጥ በግፊት እየነፋ መንገዱ እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዘዋል። ሕክምናው በፈረንጆች 1981 በአውስትራሊያ፣ በዶክተር ኮሊን ሱሊቫን ለዓለም ከተዋወቀ ጀምሮ ዋናው ችግር አንድ ነው፦ ማሽኑ የሚሠራው ፊት ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን 71 ዓመታቸው ነው። በሠራዊቱ ውስጥ ብዙ ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ከባድ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ እንዳለባቸው በምርመራ ተረጋግጦ ወንድሜ ማሽኑን ከውጭ ገዝቶ ላከላቸው። አራት ሌሊት ሞከሩት። በአምስተኛው እኩለ ሌሊት ላይ ነቅለው ወረወሩትና «ምሽግ ተደርምሶ አፈር የተጫነኝ መሰለኝ» አሉ። አሁን ማሽኑ ካርቶኑ ውስጥ ሆኖ አልጋ ሥር ነው። ብንለምንም ብንቆጣም እምቢ አሉ። ምን እናድርግ? — ልጃቸው፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ቁጣውን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ልመናውንም ጭምር። አባትዎ እልኸኛ ሆነው አይደለም። ዓመታት በዘብና በምሽግ ያደረ ሰው ፊቱ ላይ የተጫነን ነገር ሰውነቱ እንደ አደጋ ይቆጥረዋል፤ ከእንቅልፍ ሲባንን ደግሞ ለማሰብ ጊዜ የለውም፣ እጁ ይቀድማል። የጦርነት ቅዠት ያለባቸው ሰዎች ማስክ መልመድ ከሌላው ይልቅ እንደሚከብዳቸው በሕክምናው ዓለም በደንብ ይታወቃል። ሌላም የሚታወቅ ነገር አለና ለአባትዎ በግልጽ ይንገሯቸው፦ ማሽኑን የለመዱ የቀድሞ ወታደሮች ቅዠታቸው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ትንፋሽ በብዛት የሚቋረጠው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው፤ መታፈኑ ራሱ ወደ ሕልሙ ይገባል። ብዙ ሽማግሌዎች «ዱካክ ያዘኝ» የሚሉት ሌሊት ውስጥ የተዘጋ ጉሮሮ ሊኖር ይችላል።

አራቱ ሌሊቶች የከሸፉት ልምምዱ በሌሊት ስለተጀመረ ይመስለናል። በቀን ይጀምሩ። ቡና በሚፈላበት ሰዓት፣ ብርሃን ባለበት፣ ተቀምጠው፣ ከቻሉም ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው። ማስኩ ቱቦም ማሰሪያም ሳይኖረው በገዛ እጃቸው አፍንጫቸው ላይ ይያዙት፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል፣ ሬዲዮ እየሰሙ። ማንም ሌላ ሰው ፊታቸው ላይ አያድርግባቸው። በዚህ ሁኔታ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳይጨነቁ ከቆዩ ማሰሪያውን ይጨምሩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ሰዎች ስለሚዘሉት እንቆይበት። ማስኩን ማድረግ ሳይሆን ማውለቅ ይለማመዱ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአንድ እጅ፣ መንጠቆውን ፈልገው ፈትተው ማስኩን ከፊታቸው ማንሳት። አሥር ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ በግራ እጅ አሥር ጊዜ። ዓይኑ ታስሮ ጠመንጃ ፈትቶ መግጠም የተማረ ወታደር ይህ አይከብደውም፤ እንዲያውም የለመደው ዓይነት ሥልጠና ነው። በጨለማ በሁለት ሰከንድ ማውለቅ እንደሚችል እጁ ያወቀ ሰው አይታፈንም፤ ፍርሃቱ የሚበርደው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ማሽኑ በርቶ፣ ቱቦው ተገጥሞ፣ አሁንም በቀን፣ አሁንም ተቀምጠው ይሞክሩት። አፍ ዘግቶ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው፤ ማስኩ የአፍንጫ ብቻ ከሆነ አፍ ሲከፈት አየሩ በአፍ ይፈስሳልና ያስደነግጣል። ከሠላሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሲደርሱ ጋደም ብለው፣ ቀጥሎ የቀን እንቅልፍ፣ በመጨረሻ ሌሊት። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የቀን ብዛት ሳይሆን መረጋጋታቸው ነው፤ ለብዙዎች አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አንድ ቀን ከደነገጡ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ እንጂ ማሽኑ ወደ ካርቶኑ አይመለስ።

ሦስት ማስተካከያዎችን ደግሞ ማሽኑን ካዘዘው ሐኪም ጋር ይነጋገሩባቸው። ብዙ ማሽኖች በትንሹ ግፊት፣ በ4 (ግፊቱ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ነው)፣ ጀምረው ከ5 እስከ 45 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ ታዘዘው ከፍ ይላሉ። ይህ ለጀማሪ የታሰበ ቢሆንም አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ደረተ ሰፊ ሰው፣ በ4 ላይ አየር ያጥረዋል፤ «አፈነኝ» የሚለው ግፊቱ በዝቶበት ሳይሆን አንሶበት ነው። መነሻውን ወደ 5 ወይም 6 ማሳደግ ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈውሰዋል። ሁለተኛው፣ ወደ ውጭ ሲተነፍሱ ግፊቱን የሚያቀልለው አማራጭ ነው፤ በብዙ ማሽኖች ከ1 እስከ 3 ደረጃ አለው። ሦስተኛው የማስኩ ዓይነት ነው። አፍንጫና አፍን የሚሸፍነው ትልቁ ማስክ ምሽግ ለሚያስታውሰው ሰው የመጨረሻው ምርጫ መሆን አለበት። የአፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚያርፈው ትንሹ ዓይን አይጋርድም፣ ጉንጭም አይነካም።

ሌሊት እንደተኙ ነቅለው ቢያገኟቸው በተኙበት መልሳችሁ አታድርጉባቸው፤ በጭራሽ። ከእግር በኩል ራቅ ብላችሁ በድምፅ ጥሯቸው፣ ሲነቁ ማስኩን በእጃቸው ስጧቸው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቅዠቱና ድንጋጤው ከበረታ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋር ይሂዱ፤ ሁለቱ ሕክምናዎች አብረው ይሰጣሉ፣ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማሽኑን እሺ ብለው ያደርጋሉ። ችግሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ ያድራል፣ አየሩ ዓይናቸው ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት የአፍንጫቸው ድልድይ ቆስሎ ይገኛል። ጥርሳቸው የለም፣ ጢማቸው ረዘም ያለ ነው፣ ደግሞ ጋቢ ሳይከናነቡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። — ባለቤታቸው፣ ከማራኪ

መልስ፦ ጋቢውን እናስቀድም፣ ምክንያቱም ከፉጨቱ ይልቅ እሱ ያሳስበናል። ማስኩ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ የተቃጠለው ትንፋሽ የሚወጣው በእነሱ ነው። ፊት በጋቢ ሲከናነብ ቀዳዳዎቹ ይታፈኑና ሰውየው ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል፤ ራስ ምታት ይዞት ይነሳል። ጎንደር ሌሊት እንደሚበርድ እናውቃለን። ራሳቸውን በሻሽ ወይም በሹራብ ኮፍያ ይሸፍኑ፣ ጋቢው እስከ አገጭ ይድረስ፣ ከዚያ በላይ አይውጣ። ቱቦው ከብርድ ልብሱ ሥር ቢያልፍ ግን ጥሩ ነው፤ አየሩ ሲደርስ ይሞቃል፣ በቱቦው ውስጥም ውሃ አይቋጥርም።

ፉጨቱና ቁስሉ ከአንድ ምክንያት የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። አየር ሲያመልጥ ማሰሪያው ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ፊት ላይ የሚያርፈው የማስኩ ጎማ ይጨማደድና የባሰ ያመልጣል፤ እንደገና ይጠብቃል፤ አጥንቱ ይቆስላል። ጎማው እንዲታሸግ የሚያደርገው አየር ሞልቶት መነፋቱ ነው እንጂ መጨቆኑ አይደለም። ስለዚህ ማሽኑን ያብሩ፣ ባለቤትዎ ይጋደሙ፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ ያላሉ። ማስኩን ከፊታቸው ጥቂት ሳብ ያድርጉት፣ ጎማው ይነፋ፣ ቀስ ብለው መልሰው ያሳርፉት። ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል፣ ጥቂት በጥቂት፣ ፉጨቱ እስኪቆም ብቻ ያጥብቁ። ወደ ዓይን የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በላይኛው ማሰሪያ ይስተካከላል፣ ወደ አገጭና ጉንጭ የሚያመልጠው በታችኛው። ተቀምጠው የለኩት ማስክ ሲተኙ አይገጥምም፤ ፊት ሲጋደም ቅርጹ ይለወጣል።

ጥርስ የሌለው አፍ ዙሪያው ወደ ውስጥ ስለሚገባ ትልቁ ማስክ የሚያርፍበት ያጣል። ጢምም እንዲሁ ያስተነፍሰዋል። ጢሙን ይላጩ አንልም፤ ለብዙ አባቶች ክብራቸው ነው። የአፍንጫ ቀዳዳው ትንሽ ማስክ ለጢምም ለጥርስም መልስ ይሆናል። በእሱ አፋቸው እየተከፈተ ካስቸገረ አገጭን ወደ ላይ የሚይዝ ሰፊ የጨርቅ ማሰሪያ ይረዳል፤ አፍን በፕላስተር ማሸግ ግን አንመክርም፣ ሌሊት ቢያስመልሳቸው አደገኛ ነውና። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማስኩ በተለካበት ሁኔታ ይተኙ፤ አንድ ቀን አድርጎ አንድ ቀን ማውለቅ ልኩን ያዛባዋል።

ፊታቸውን ማታ በሳሙና ይታጠቡ። ቅቤና ቫዝሊን ጎማውን ያንሸራትቱታል፣ እያደርም ያበላሹታል። ጎማውን ጠዋት ጠዋት በለብታ ውሃና ለስላሳ የሕፃን ሳሙና ይጠቡት፤ በኦሞ ወይም በበረኪና አይሆንም። በጥላ ይድረቅ። አንዴ ጠንክሮ ወይም ቢጫ ሆኖ ከተገኘ ማጥበቅ አያድነውም፣ መለወጥ ነው።

ጥያቄ፦ አየሩን ለሚያርሰው የማሽኑ የውሃ ዕቃ የሚሆን የተጣራ ውሃ ባለንበት አናገኝም። የቧንቧ ውሃ አደረግንበት፣ ነጭ ነገር ጋገረ። እናቴ ደግሞ ጸበል ብናደርግበት ይሻላል ትላለች። — ከማክሰኝት

መልስ፦ ነጩ ነገር ውሃው ውስጥ የነበረ ማዕድን ነው፤ ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል። ዕቃውን አንድ እጅ አቼቶ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ዘፍዝፈው ያቆዩት፣ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁት። የተጣራ ውሃ ከፋርማሲ ይጠይቁ። እስኪገኝ ድረስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ለጊዜው ያገለግላል፤ ማፍላት ተሕዋስያንን ቢገድልም ማዕድኑን ስለማያስወግድ የአቼቶው እጥበት በየሳምንቱ ይሁን። ውሃው በየቀኑ ጠዋት ይደፋ፣ ዕቃው ይድረቅ፣ ማታ በአዲስ ይሞላ። ከጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ አደራ አያስጠጉት፤ አሲድ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል።

ጸበሉን አባት ይጠጡት፣ ይጠመቁበት። ከማሽኑ ውስጥ ግን አይግባ። ወደ ሳንባ የሚገባ ውሃ ከምንጭ እንደተቀዳ መሆን የለበትም፣ ይህ የውሃውን ቅድስና የሚነካ ጉዳይ አይደለም።

ውሃ ባይኖርስ? ማሽኑ ያለ ውሃም ይሠራል። በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ አፍንጫ ይደርቃል፣ ይዘጋል፣ ይደማል። አፍንጫው የተዘጋ ሰው ደግሞ በአፉ ይተነፍስና ማስኩን ይጠላዋል። ሩብ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ከመኝታ በፊት አፍንጫውን ማጠብ ይጠቅማል። መዘጋቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአፍንጫ ስፕሬይ በሐኪም ይታዘዝ። አንድ ነገር እናክል፦ በመኝታ ክፍሉ ከሰል አይቀጣጠል፣ ዕጣንም አይጨስ። ጭሱ በማሽኑ ተስቦ በቀጥታ ወደ ደረት ይገባል፤ ፊልተሩ አቧራ እንጂ የከሰሉን መርዛማ ጋዝ አያስቀርም። ስስ ነጩ ፊልተር በየወሩ ይለወጣል፤ ጠቁሮ ከታየ ወሩን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ እኛ ደባርቅ ነን። ዘመዳችን ከአሜሪካ ያገለገለ ማሽን ሊያመጣልን ነው። መብራት በየጊዜው ይጠፋል፣ ቦታውም ከፍታ ነው። ይሠራል? — የቀድሞ ወታደር ልጅ

መልስ፦ ሳይመጣ የማሽኑን ስምና ሞዴል ይጠይቁ። ፊሊፕስ ኩባንያ በፈረንጆች ሰኔ 2021 የመጀመሪያውን ትውልድ ድሪምስቴሽንና ሌሎች በርካታ ማሽኖቹን ከአገልግሎት ጠርቷል፤ ድምፅ ለማፈን ውስጣቸው የተደረገው ስፖንጅ እየተበጣጠሰ ከአየሩ ጋር ሊወጣ ስለሚችል ነው። በኦዞን የሚያጸዱ መሣሪያዎች ስፖንጁን ይበልጥ ያበላሹታል። ከተጠሩት ውስጥ ሆኖ ያልታደሰ ከሆነ ተውት፤ ነፃ ቢሆንም አይቀበሉት። ሌላ ከሆነ አዲስ ማስክ፣ አዲስ ቱቦና አዲስ ፊልተር አብሮ ይምጣ። የቀድሞው ባለቤት ግፊትም ለአባትዎ አይሆንም፤ ለአንዱ 7 የሚበቃው ለሌላው 13 ያስፈልገዋል። በምርመራው ውጤት መሠረት በሐኪም ይስተካከል፤ ምርመራ ካልተደረገ ደግሞ ማሽኑ አይቅደም። ለዚህ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም መጀመር ይቻላል።

ከፍታውን በሚመለከት ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፣ ደባርቅ ከ2,800። አየሩ ሲሳሳ ማሽኑ ያንኑ ግፊት ለመስጠት በፍጥነት መሽከርከር አለበት። አዳዲሶቹ ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ አንዳንድ አሮጌዎች ግን ከፍታው በእጅ እንዲሞላላቸው ይፈልጋሉ፣ ካልተሞላላቸው ግፊታቸው ይሳሳታል። ብዙ አምራቾች የሚያረጋግጡት እስከ 2,300 ወይም 2,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጎንደር ላይ ብዙም አያስቸግርም፤ ደባርቅ ላይ ግን ከፍተኛ ግፊት የታዘዘለት ሰው የሚገባውን ላያገኝ ይችላልና መመሪያ መጽሐፉን ይመልከቱ። ከፍታ ሌላም ነገር ያመጣል፦ ጉሮሮ ሳይዘጋ አንጎል ራሱ የመተንፈስ ትእዛዝ የሚያቋርጥበት ዓይነት ይበዛል። የማሽኑ መዝገብ ይህን ለይቶ ያሳያል፤ ጭንቅላታቸው ላይ የቆሰሉ ወይም የልብ ድካም ያለባቸው አባቶች ላይ በተለይ ሐኪሙ ይየው።

መብራቱን እንቁጠረው። ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ስሌቱ 600 ዋት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 300ውን ብቻ ይቁጠሩ። ማሽኑ የውሃ ማሞቂያው ጠፍቶ በመካከለኛ ግፊት ከ10 እስከ 15 ዋት ያህል ይበላል፤ በ8 ሰዓት ከ80 እስከ 120። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ያሳድራል። ማሞቂያው ከበራ ግን 50 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚሆን አንድ ሌሊትም አይደፍንም። በባትሪ ሲያድሩ ማሞቂያውን ያጥፉ። አንዳንድ ማሽን 24 ቮልት ይፈልጋል፤ ለሞዴሉ የተሠራውን መቀየሪያ እንጂ ሽቦ ቀጥታ አያገናኙ። ባትሪው ከመኝታ ክፍል ውጭ ይሞላ፣ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ይወጣዋል። ከአሜሪካ የመጣው ቻርጀር ላይ 100–240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያዩ ሶኬት ላይ አይሰኩ፤ የኛ መብራት 220 ነው።

ባትሪም ከሌለ፣ በዚያ ሌሊት በጎን ይተኙ፣ የአልጋው ራስጌ ከፍ ይበል። በጀርባ እንዳይገለበጡ የጨርቅ ኳስ በቲሸርቱ ጀርባ በኪስ መልክ መስፋት የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ተጠቃሚ ነኝ፣ 74 ዓመቴ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እተኛለሁ፣ ለሽንት ሦስት ጊዜ እነሳለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ማስኩን መልሼ ማሰር ይሰለቸኛል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደግሞ ለኪዳን እሄዳለሁ። በቀኝ እጄ ሁለት ጣት የለኝም፣ ግንባሬ አጠገብ የቀረ ፍንጣሪም አለ። 4 ሰዓት ካደረጉ ይበቃል ብለውኛል፤ እውነት ነው? — ከአራዳ

መልስ፦ ጋሼ፣ ከፍንጣሪው እንጀምር። አንዳንድ ማስኮች መንጠቆአቸው ማግኔት ነው። ጣት ለጎደለው ሰው ምቹ ስለሆነ ሳይጠይቁ ሊሰጥዎት ይችላል፤ እርስዎ ግን አይጠቀሙት። በራስ ወይም በዓይን አካባቢ የብረት ፍንጣሪ፣ ወይም የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያለው ሰው ማግኔት ያለበትን ማስክ ማስወገድ አለበት። የፕላስቲክ መንጠቆ ያለውን ወይም መንጠቆ የሌለው፣ እንደ ቆብ በአንድ ጊዜ የሚጠለቀውን ይጠይቁ። አንዴ በልክዎ ከተስተካከለ ማሰሪያውን መንካት አያስፈልግዎትም።

ለሽንት ሲነሱም ማስኩን አያውልቁ። ቱቦውና ማስኩ ከሚጋጠሙበት ላይ ቱቦውን ብቻ ነቅለው፣ ማስኩ ፊትዎ ላይ እንዳለ ሄደው ይመለሱና መልሰው ይሰኩት። በጨለማ እንዳይጠፋብዎት ቱቦውን ከራስጌ በላይ በምስማር ላይ በጨርቅ ቀለበት ያንጠልጥሉት፤ ሲገላበጡም አይጎትትዎትም። ሽንቱ ራሱ ከሕመሙ ጋር ይያያዛል፦ ትንፋሽ በተዘጋ ቁጥር ልብ ስለሚለጠጥ ኩላሊት ውሃ እንዲያስወጣ የሚያዝ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ብዙ አባቶች ፕሮስቴት ነው ብለው ይተዉታል፤ ማሽኑን አዘውትረው ሲጠቀሙ ሦስቱ ወደ አንድ ሊወርድ ይችላል። ካልወረደ ፕሮስቴቱ ይታይ።

4 ሰዓት የሚባለው የሕክምና ልክ አይደለም። በአሜሪካ መድን ለማሽኑ ገንዘብ ለመክፈል የሚጠቀምበት መቁጠሪያ ነው፤ በ30 ቀን ውስጥ ከሌሊቶቹ 70 በመቶ በሚሆኑት፣ ማለትም በ21 ሌሊት፣ በሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት ይላል። በፈረንጆች 2016 የወጣ፣ 2,717 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ማሽኑ የልብና የአንጎል አደጋን መቀነሱን ሊያሳይ አልቻለም፤ ተሳታፊዎቹ በአማካይ የተጠቀሙት በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። ሕልም የሚታይበት፣ ትንፋሽ ይበልጥ የሚቋረጥበት እንቅልፍ የሚበዛው ደግሞ በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እርስዎ ማስኩን የሚያወልቁት በጣም በሚያስፈልግዎት ሰዓት ላይ ነው። ከ3 እስከ 10 ሰዓት ከጠበቁት 7 ሰዓት ይሆናል፣ ያ መልካም ነው። ከኪዳን ተመልሰው ጋደም ሲሉም፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን እንኳ፣ ማስኩ ይኑር።

ሆድዎን ከነፋዎት አየር እየዋጡ ነው፤ ራስጌውን ከፍ አድርገው ይሞክሩ፣ ካልቀነሰ ግፊቱ ይታይ።

ጥያቄ፦ ማሽኑ በጣም ስላስቸገራቸው ኦክስጅን ሲሊንደር ብንገዛላቸውስ? ማታ ትንሽ አረቄ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ቢወስዱስ? — ከቀሃ

መልስ፦ ኦክስጅን የተዘጋን ጉሮሮ አይከፍትም። አየር ማለፊያ ካጣ በር ውጭ የቆመው አየር ንጹሕ መሆኑ ምን ይጠቅማል? ይባስ ብሎ አንዳንድ ሰው ላይ መቋረጡን ሊያረዝመው ይችላል። ሐኪም ለሳንባ ሕመም ካዘዘው ከማሽኑ ጋር አብሮ ይሰጣል እንጂ ማሽኑን አይተካም።

አረቄ፣ ጠጅ፣ ዲያዜፓምና መሰል ኪኒኖች የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላሉ፤ አንጎልም ነቅቶ ጉሮሮውን እንዳይከፍት ያዘገዩታል። ማስክ የሌለበት የአረቄ ሌሊት ከሁሉ የከፋው ነው። ኪኒኑን ለዓመታት የወሰዱ ከሆነ ግን በአንድ ቀን አያስቁሟቸው፤ ሐኪማቸው ደረጃ በደረጃ ይቀንሰው። እስከዚያ ድረስ ከወሰዱ ማስኩ ፊታቸው ላይ ከሆነ በኋላ፣ አልጋ ላይ ሆነው ይውሰዱት። ወንበር ላይ ወስደው እዚያው እንቅልፍ እንዲጥላቸው አይተዉአቸው።